የሦስት አፍ ወሬና የዋሂሏ መምህርት

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። እኔ እንኳ የምነግረው ያለኝ አይመስለኝም ነበር። ልጆቹ የምላቸው አሁን የመምህራን ማዕከላችንን የተረከቡትን ወጣት መምህራን ነው። በኢድ ማግስት ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዘው ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ቤቴ ድረስ መጡ። ግቢው ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍኩላቸውና ተቀመጡ።

«አዴ ዘይነባ፣ እኛ ስንመጣ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም፣ ሁሉም ነገር ነበረ። ከዚያ በፊት እንዴት ነበር? ጻፊልን» አሉኝ። አዴ በኛ አገር እንደ እናት ማለት ነው።

«እኔ? ትምህርት ቤት ገብቼ የማላውቅ ሴትዮ?»

«ትምህርት ቤት አይደል እንዴ ያረጀሽው!» አለችኝ ከመሃላቸው ምላሰኛዋ።

ሳቅኩ። እውነቷን ነው፤ ያረጀሁት እዚያ ነው። ግን ቁጭ ብዬ አልተማርኩም። ልጅ ሆኜ ቁርኣን ቀርቻለሁ፣ ፊደሉን ደግሞ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ለየሁ። ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ሁሉ የገባኝ መጥረጊያ ይዤ ቆሜ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ከመንገድ ወጣ ገባ ቢል ይቅር በሉኝ። የልጄ ልጅ ላርምልሽ ብላ ነበር፣ ተይው አልኳት።

መጀመሪያ የተቀጠርኩት አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ነው። ደመወዙን አላወራም፣ ልጆቼ አድገውበታል፣ አልሐምዱሊላህ። እዚያ ሳለሁ ነው ኮምፒውተር የሚባለው ነገር በመኪና ተጭኖ የመጣው። የኛ ዳይሬክተር ጥሩ ሰው ነበር፣ ብቻ ፈሪ ነው። ዕቃዎቹን ከነካርቶናቸው አንድ ክፍል ውስጥ ደርድሮ ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። መምህራኑ «ክፈትልን» ሲሉት «ቢበላሽ ማን ሊጠየቅ ነው?» ይላል። እሱ ይቆልፋል፣ እኔ በሳምንት አንዴ ገብቼ የካርቶኑን አቧራ እጠርጋለሁ። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደኖርን እንጃ። በመጨረሻ ለከተማው መምህራን ሁሉ የሚሆን ማዕከል ይከፈት ተባለና ኮምፒውተሮቹ ወደዚያ እንዲዛወሩ ደብዳቤ መጣ። የጽዳት ሠራተኛም ያስፈልጋል ሲባል እኔን አብረው ላኩኝ። እኔና ኮምፒውተሮቹ በአንድ አይሱዙ ተጭነን ነው የተዛወርነው። ከኋላ ሆኜ ስክሪኖቹን በእጄ ደግፌ ነበር፤ ሾፌሩ «አዴ፣ እንደ እንቁላል ያዣቸው!» እያለ ይጮህብኛል።

ጋሽ ታደሰን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ታደሰ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ከዚራ ሰፈር ተወልዶ ያደገ። ብዙ ዘመን ሒሳብ ሲያስተምር ቆይቶ፣ መምህራን ኮምፒውተር እንዲይዙ፣ ከኢንተርኔትም ለትምህርታቸው የሚሆን ነገር ፈልገው እንዲያወጡ የሚረዳ ባለሙያ ተብሎ ተመደበ። ከላይ አገር ያላችሁ «እንዴት ትልቅ ሰው አንተ ትላለች» እንዳትሉኝ። እኛ ድሬዎች አንቱ አይመጣልንም። እኔ አንተ እለዋለሁ፣ እሱም አንቺ ይለኛል፣ ተከባብረን ኖርን።

የሱን ጠባይ ነው ልጆቹ ብዙ የሚጠይቁኝ። እንዴት ልበላችሁ። አንድ መምህር ኮምፒውተር ሊለምድ ሲመጣ ጋሽ ታደሰ ስለ ኮምፒውተር አያነሳም። «ነገ ምን ታስተምራለህ?» ይለዋል። መምህሩ «ስለ ልብ» ካለ ስለ ልብ ያወራሉ፣ ልጆቹ የቱ ጋ እንደሚከብዳቸው ይጠይቀዋል፣ ወረቀት ላይ ይሥላሉ። ቆይቶ ቆይቶ «ይህ ልብ ሲመታ ብታሳያቸውስ?» ይላል። ያኔ መምህሩ ራሱ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ይስባል።

ሌላው፣ ማውዙን መምህሩ ከያዘ ጋሽ ታደሰ ሁለት እጁን ከኋላው ያጣምራል። መምህሩ ይሳሳታል፣ ያላበዋል፣ የከፈተው ገጽ ይጠፋበታል፤ እሱ እጁን አይፈታም። አንዳንዱ ይናደዳል። «ጋሼ፣ አንዴ ነካ አድርገህ አትመልስልኝም?» ሲለው «እኔ ከነካሁት እኔ ነኝ የማውቀው» ይላል። እኔ ራሴ አላስችል ብሎኝ ጣቴን ስዘረጋ በዓይኑ ይመልሰኛል።

ደግሞ ማንም ሰው ትምህርቱን ሁለት አድርጎ ካላዘጋጀ ፕሮጀክተር አይሰጠውም። አንዱ መብራት ሲኖር፣ አንዱ መብራት ሲጠፋ። «መብራት ሲሄድ ልጆቹ እንዳያውቁብህ» ይላል። ድሬን የሚያውቅ ይህን ያውቃል።

የኔ ሥራ ደግሞ ክፍሉን ማኖር ነበር። የኛ ከተማ አቧራና ሙቀት የኮምፒውተር ጠላት ነው። ወለሉን በደረቁ ጠርጌ አላውቅም፣ ውሃ ረጭቼ በእርጥብ ጨርቅ ነው። ከታይዋን ገበያ ቁራጭ የሽቲ ጨርቅ እየገዛሁ ለያንዳንዱ ስክሪን ልብስ ሰፋሁለት። አበባ አበባ ያለው ሽቲ ለብሰው ሲደረደሩ ጋሽ ታደሰ «ሰርግ ቤት አስመሰልሽው እኮ» አለኝ። ኢንተርኔቱ ጠዋት ሰዉ ሳይነሳ ይፈጥናል፣ ረፋድ ላይ ይሞታል። ስለዚህ የገጠር መምህራን የሚፈልጉትን ገጽ ጠዋት በፍላሽ እንጭንላቸዋለን። እነሱ ባሉበት ኔትወርክ የለም፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ብቻ ናቸው ያሏቸው። ፍላሹን ይዘው ይሄዳሉ፣ የሄደው ነገር ሄደ ነው።

አንድ ሌላ ሥራም ነበረኝ። መምህሩ ትምህርቱን አዘጋጅቶ ሲጨርስ ጋሽ ታደሰ «ለአዴ ዘይነባ አስረዳት» ይላል። እውነቴን ነው፣ ምንም አላውቅም ነበር። የገባኝን ገባኝ፣ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። ስንቱ ዲግሪ ያለው ሰው እኔ ፊት ቆሞ ስለ ደም ዝውውር፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ አስተምሮኛል! ከነሱ ውስጥ ትዕግሥት ያልነበረው አላስታውስም። የልጅ ልጆቼ «አያቴ የብቻዋ ዩኒቨርሲቲ አላት» ይሉኛል።

አሁን ወደ ስንታየሁ ልምጣ፤ ልጆቹ ሊሰሙ የመጡት የሷን ነገር ነው።

ስንታየሁ ከጎጃም በኩል የመጣች ገና አዲስ ምሩቅ መምህርት ነበረች። ዋሂል ከምትባለው የድሬ ገጠር ወዲያ ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ እንድታስተምር ተመድባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደኛ ትመጣለች። የመጀመሪያ ቀን ስትገባ ውሃ እረጭ ነበር።

«ጤና ይስጥልኝ። ኃላፊዋ እርስዎ ነዎት?»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፣ ሰው የለም። «እኔ ጠራጊዋ ነኝ የኔ ልጅ። ደሞ አንቺ በይኝ፤ በአንድ ጊዜ አስረጀሽኝ።»

«ኧረ በስመአብ! እናቴን የሚያህሉ ሴት?»

ጋሽ ታደሰ ከውስጥ ሆኖ «አንቱ ድሬ አልደረሰም እህቴ» አላት። «ከላይ አገር በባቡር ሲመጣ አዋሽ ላይ ወርዶ ቀርቷል።»

ስቃ ሞተች። ግን እኔን አንቺ ለማለት ዓመት ፈጅቶባታል።

ጎበዝ ልጅ ነች። ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ምሳ እንኳ ትረሳለች፤ እኔ ነኝ ባጊያ በወረቀት ጠቅልዬ አጠገቧ የማኖርላት። አንድ ቅዳሜ ጋሽ ታደሰን ያዘችው።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ እዚያ ገጠር ሆኜ በምን ልለየው? ልጆቹ የምነግራቸውን እንደ ቁርኣን ነው የሚይዙት።»

ጋሽ ታደሰ የመለሰላት በበርጫ ነው። በርጫ የማታውቁ ካላችሁ፣ ድሬ ከቀትር በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፤ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ወንዱ ምንጣፍ ላይ ትራስ ተደግፎ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ጋሽ ታደሰ ጨጓራ ስላለበት አይቅምም፣ ግን ጨዋታውን ስለሚወድ አይቀርም። የከተማው ወሬ የሚጣራው እዚያ ነው። አንዱ «ውሃ ለሳምንት ሊጠፋ ነው» ብሎ ሲገባ፣ ትልቁ ሰውዬ ዓይኑን ሳይገልጥ «ከማን አፍ?» ይለዋል። ከአንድ አፍ ከሆነ ወሬ ነው፣ ይተዋል። ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ሰምቶ ከመጣ ጆሮ ይሰጡታል። ሦስተኛ አፍ ከጨመረ ሰዉ ጀሪካኑን ሊሞላ ይነሳል።

«ኢንተርኔት ማለት ትልቅ በርጫ ነው» አላት። «ከሦስት አፍ ካልሰማሽ ለልጆቹ አትንገሪያቸው።»

እኛም ተደሰትን። ለገቡ ለወጡት መምህራን ሁሉ ይህንኑ መንገር ጀመርን፤ ሦስት አፍ፣ ሦስት አፍ። ቀላል ነው፣ ይያዛል፣ የኛ አገር ነገር ነው። ጋሽ ታደሰ ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ እኔም ሰሌዳውን ስጠርግ ያንን እተወዋለሁ።

ከዚያ ስንታየሁ ስለ አካባቢ ዕፅዋት ጥቅም ልታስተምር ሆነ። «ልጆቹ ከሚያውቁት ዛፍ መጀመር አለብኝ» ብላ ያንን እሾሃም ባዕድ ዛፍ መረጠች። ፕሮሶፒስ የሚሉትን፣ ድርቅ የማይበግረውን። ወደ ዋሂል ስትሄዱ መንገዱን ግራና ቀኝ የያዘው እሱ ነው። ቢጫ፣ እንደ ባቄላ እሸት የተንጠለጠለ ፍሬ አለው። ስንታየሁ ፈልጋ ፈልጋ፣ ፍሬው ለፍየል ምርጥ መኖ ነው፣ ያወፍራል፣ በድርቅ ጊዜ መንጋውን ያተርፋል የሚል አገኘች። አንዱ ገጽ በአማርኛ ነው፣ ሁለቱ በእንግሊዝኛ። እያንዳንዱ የፍየል ፎቶ አለው፣ የምታምር ነጭ ፍየል።

«ሦስት አፍ!» ብላ አጨበጨበች።

ጋሽ ታደሰ ሦስቱንም አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ለአዴ ዘይነባ አስረጃት።»

አስረዳችኝ። እኔ ፍየል የማውቀው ተገፎ ቀፊራ ገበያ ተንጠልጥሎ ነው። «ስጋው ይጣፍጥ ይሆን?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ተሳሳቅን። በፍላሽ ተጭኖ ሄደ። ማክሰኞ አስተማረችው። ልጆቹ ታብሌቱን እየተሻሙ የሚያውቁትን ዛፍ በማየታቸው ጨፈሩ ብላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገረችን። ደስታዋ!

ያ ዓመት ዝናብ የቀረበት ነው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን፣ ሰኞ ይመስለኛል፣ ስንታየሁ ያለ ቀኗ መጣች። ጫማዋ አቧራ ነው። ውሃ ሰጠኋት፣ ይዛው ቆመች እንጂ አልጠጣችም።

«ፍየሎቹ ሞቱ፣ አዴ» አለችኝ።

«የማን ፍየሎች?»

«የአኮ ሩሚያ።»

አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ ሩሚያ የስንታየሁ ተማሪ የኢፍቱ አያት ናቸው አለችን፣ እኔም እዚህ በሷ አፍ አንቱ እላቸዋለሁ፤ እናትና አባት የሌላትን ልጅ በፍየል እያሳደጉ ነው፣ ከፍየል ሌላ ምንም የላቸውም። አሮጊቷ ያንን ፍሬ ብቻ እየለቀሙ ሲያበሉ ከርመው ፍየሎቹ ማመንዠክ አቆሙ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ ተራ በተራ ወደቁ። ሁለት ብቻ ተረፉ። መንደሩ ደግሞ ትምህርቱን ያስታውሳል። «ባርሲስቱዋ በመስታወቷ ያሳየችው መርዝ ነው» እያለ ነው። ባርሲስቱ ማለት መምህርቷ ነው፣ መስታወት ያሉት ታብሌቱን። ሐሙስ የወላጅ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ታብሌቶቹ ይውጡ፣ እሷም ትሂድ ተብሏል።

«መሄዱስ ይሁን። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ ተባርራ መጣች ይባላል፣ ይባል። ግን ጋሼ፣ ሦስት አፍ አልነበረም እንዴ? እኔ ውሸት ነው ያስተማርኳቸው?»

ጋሽ ታደሰ አይዞሽ አላላትም። ወንበር ሳበላትና ሦስቱን ገጾች ጎን ለጎን ከፈተ። ከዚያ እንደ ልማዱ እጁን ከኋላው አጣመረ። ማውዙን እሷ ያዘች። ገጾቹን መላልሰን አየን። ሻሹን ፈትቼ ላቤን ስጠርግ ትዝ ይለኛል።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ይቺ ፍየልና ያቺ ፍየል አንድ ናት።»

«የቷ?»

«ጆሮዋን ይዩ። የተቀደደ ነው። እዚህ ቀኙ ነው፣ እዚያ ግራው። ፎቶውን ገልብጠውት ነው እንጂ ያቺው ፍየል ናት። ሦስተኛው ላይም ያቺው ናት፣ ጠጋ ተደርጋ።»

ከዚያ በኋላ ክሩን ሳበችው። አማርኛው ከአንደኛው እንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው። ያኛው ደግሞ ከሌላኛው የተቀዳ። ያኛውም ታች በትንንሽ ፊደል ከየት እንደወሰደ ጽፏል፤ የሩቅ አገር ተመራማሪዎች ጽሑፍ ነው። ኢንተርኔቱ እየተቆራረጠ እሱን ለመክፈት አመሸን። ሲከፈት ስንታየሁ አነበበችልን። ፍሬው ይድረቅ፣ ይፈጭ፣ ከሣር ጋር ይደባለቅ፣ ከሚበሉት ጥቂቱን እጅ ብቻ ይሁን፣ ለብቻው ሳይፈጭ ከተሰጠ ይገድላል ይላል። ያ ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። «ምርጥ መኖ ነው» የሚለው ብቻ ዋሂል ደረሰ።

ጋሽ ታደሰ ቁጭ አለ፤ ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። «ሦስት አፍ አይደለም» አለ። «አንድ አፍ ነው፣ ሦስት ቤት የገባ። በርጫ ላይ ማን ከማን ጋር እንደዋለ እናውቃለን፣ ማን ከማን መኪና እንደወረደ እናውቃለን። እዚህ ማንንም አናውቅም። እኔ ያላወቅኩትን ሰጠሁሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ሦስታችንም በሚኒባስ ወደ ዋሂል ሄድን። ጋሽ ታደሰ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል። «የት ልትሄድ ነው፣ ሰርግ?» ብዬ ብጠይቀው «ይቅርታ በሸሚዝ አይባልም» አለኝ። ከስብሰባው በፊት አኮ ሩሚያ ቤት እንግባ አለ።

አኮ ሩሚያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። ኢፍቱ ከአጠገባቸው ቆማለች፤ ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ስንታየሁ አንድ ቃል ሳትናገር እንባዋ ወረደ።

አሮጊቷ ወደኔ ዞሩ። «ይቺ ምን ሆና ታለቅሳለች? የሞተው የኔ ፍየል።»

ይህን አልተረጎምኩትም። ጋሽ ታደሰ ቆሞ ተናገረ፣ እኔ ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። ጥፋቱ የመምህርቷ እንዳልሆነ፣ የማጣሪያውን መንገድ ያሳያት እሱ እንደሆነ፣ መንገዱም ጎዶሎ እንደነበር ነገራቸው። ማዕከሉ ውስጥ ያሉ መምህራን ሁለት እናት ፍየል ሊገዙላቸው እንደተስማሙም አስነገረኝ።

ስንታየሁ አፍንጫዋን ጠርጋ ልጅቷን ጠየቀቻት። «ኢፍቱ፣ እኔ ክፍል ውስጥ ያልኩትን ነው ለአያትሽ የነገርሻቸው?»

ኢፍቱ አያቷን አየች። አያቷ ገመዳቸውን አዩ።

«ኤዬ» አለች ልጅቷ። አዎ ማለቷ ነው።

አኮ ሩሚያ ገመዱን እየገመዱ «ፍየላችሁን አልፈልግም» አሉ። «ባርሲስቱዋ ከፈለገች ኢፍቱን ታስጠናልኝ። ሌላ ዕዳ የለባችሁም።»

ጋሽ ታደሰ እንደገና እንድለምንለት ጠቀሰኝ። ለመንኩ። «አልኩ እኮ» አሉ፣ አለቀ።

ስብሰባው ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ነበር። ሽርጥ ያገለደመ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ዱላውን መሬት ላይ የሚያንኳኳ አባት አለ፤ እሱ ነው የሚመራው። «መጽሐፍ ይዘው ያስተምሩ!» ይላል። «ከአባቶቻችን ጀምሮ መጽሐፍ ፍየል ገድሎ ያውቃል?» ሰዉ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ታብሌቶቹን ከቢሮ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ቆልለዋቸዋል፣ እንደተያዘ ሌባ።

ስንታየሁ ተነሳች። ምክንያት ትደረድራለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልደረደረችም። ምን እንዳነበበች፣ ሦስቱ አንድ እንደነበሩ፣ የተቆረጠው ግማሽ ምን እንደሚል ተናገረች። የምታውቃትን ጥቂት ኦሮምኛ እየጨመረች፣ ስትሳሳት ልጆቹ እያረሟት። «ተሳስቼ አስተምሬያቸዋለሁ። ብቆይ መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንኑ ስህተት ነው» አለችና ቆመች።

ያኔ አኮ ሩሚያ ከሴቶቹ መሃል ተነሱ።

«የሞቱት ፍየሎች የማን ናቸው?» አሉ።

«ያንቺ ናቸው አኮ» አለ ባለ ዱላው።

«እንግዲያ ልናገር። ይቺ ልጅ ትቆይ።»

«አኮ፣ አስበሽ ተናገሪ! ዛሬ ፍየል ናት፣ ነገ ላሜን ብትገድላትስ?»

«ያንተ ላም መምህርት አትጠብቅም፤ አያያዝህ ይበቃታል።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አሮጊቷ አልተቀመጡም። እንደቆሙ አንድ በአንድ ሰዉን አዩ፣ ሌላ የሚናገር እስኪጠፋ ድረስ። ተወሰነ፤ ታብሌቶቹ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ይቆለፉ፣ መምህርቷ ትቆይ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጋሽ ታደሰ ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጥፎ ይዞ፣ «እንዲህ ያለ ይቅር ባይ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም አላየሁም ነበር።

ሰሌዳው ላይ የነበረውን «ሦስት አፍ» ራሱ ጠረገው። ከዚያ በኋላ የመጣ መምህር ሁሉ ያገኘውን ገጽ ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ይህ ከማን ወሰደ፣ ያ ከማን ወሰደ እያለ መስመር እየሳበ እንዲወርድ ሆነ፤ ሥሩ ጋ እስኪደርስ። ሥሩን ካጣው ለልጆቹ «ሥሩን አላገኘሁትም» ይበላቸው። አዝጋሚ ነው። መምህራኑ ያጉረመርማሉ። በኋላ የመጣች አንዲት ኃላፊም ነበረች፣ ፎቶ የምትወድ፤ ለሪፖርት ፕሮጀክተሩ ፊት እያቆመች ታነሳናለች፤ «በቀን ስንት መምህር አሠለጠናችሁ?» ትላለች። ጋሽ ታደሰ «አንድ፣ እሱም አልጨረሰም» ሲላት ትናደድ ነበር። ሆዷ ግን ጥሩ ነው፤ ጄኔሬተር ያስመጣችልን እሷ ናት።

ስንታየሁ ዋሂል ብዙ ዓመት ኖረች። ታብሌቶቹ ሲከፈቱ ልጆቹ አንድ ነገር ካነበቡ በኋላ ቤት ሄደው ሽማግሌ ጠይቀው እንዲመጡ ታደርጋለች፤ የተጻፈውና የተነገረው ሲለያይ ክፍሉ በክርክር ይደምቃል ትለናለች። ኢፍቱን በቃሏ መሠረት አስጠናቻት፣ ከሰዓት ከሰዓት እዚያው ደጃፍ ላይ። አሁን ትዳር ይዛ ወደ አገሯ ተመልሳለች፣ በኢድ በኢድ ትደውልልኛለች። አንቺ ነው የምትለኝ።

ጋሽ ታደሰ ያንን ነገር አልተወውም። አንድ መምህር ቶሎ ደስ ሲለው፣ «አገኘሁት!» ሲል፣ «የዋሂል ፍየሎች» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። ጡረታ ወጥቶም ማዕከሉ ድረስ እየመጣ ይላት ነበር። ታሞ ልጠይቀው ስሄድ እንኳ አንስቷታል። «እኔ ሦስት አፍ ባልላት ኖሮ ያቺ አሮጊት…» ብሎ ተወው። አፈሩን ያቅልልለት፣ በዚያው ዓመት አረፈ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ።

አምና ታይዋን ገበያ ለስልኬ ሽፋን ልገዛ ወጥቼ ዋጋ ስከራከር አንዲት ሴት ከኋላዬ «አዴ ዘይነባ!» አለች። ዓይኗን አየሁና አወቅኳት። ኢፍቱ ናት። መምህርት ሆናለች፣ ሳይንስ፣ ሌላ ገጠር። ለትምህርት ቤቷ ፍላሽና ቻርጀር ልትገዛ ነው የመጣችው። ማሻአላህ ብዬ አቀፍኳት፣ ጭማቂ ቤት ገብተን የማንጎ ጭማቂ አዘዝን። አያቷ ከሞቱ ቆይቷል። የጋሽ ታደሰን መሞት አልሰማችም ነበር። እስከ መጨረሻው የዋሂል ፍየሎች እያለ ራሱን እንደወቀሰ ነገርኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ቀና ስትል ዓይኗ ሞልቷል።

«አዴ፣ ያ ትምህርት የተሰጠ ቀን እኔ ክፍል አልነበርኩም» አለችኝ። «ፍየል ላይ ነበርኩ። ያንን ወር አልተማርኩም። ሣር አልቆ አያቴ ከዚያ ፍሬ ሌላ የምትሰጣቸው አልነበራትም፤ ብቻውን እንደሚገድል ደግሞ ከሁላችን በፊት ታውቅ ነበር። የሚበሉት አጥታ እያወቀች ፈጀቻቸው መባሉን ፈርታ ነው ዝም ያለችው። ስለ ትምህርቱ እኛ የሰማነው ፍየሎቹ ካለቁ በኋላ ነው።»